ፈረስ ሲገዛ ዋጋው ልክ መሆኑ በምን ይታወቃል? (የተዘጋው ክር)

ክሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። አድሚኑ ስድብ በዛ ብሎ ስለዘጋው ኢንቦክስ እየገባችሁ ምን ተባለ ለምትሉኝ ሁሉ እዚህ በአንዴ ላስቀምጠው። ቃል በቃል አይደለም፣ የገባኝን ነው የምጽፈው፣ ቁጥሩ ግን ክሩ ላይ እንደነበረው ነው።

ጥያቄዬ ይሄ ነበር። የምንኖረው ስድስት ኪሎ ነው፣ እኔና የአክስቴ ልጅ አንድ ፈረስ ገዝተን ቅዳሜና እሁድ ጃንሜዳ አካባቢ ልጆች እያንሸራሸርን፣ ሰርግ ሲገኝ ደግሞ ለፎቶ እያከራየን ትንሽ ሳንቲም ልንሠራ አስበናል። አንድ ደላላ ከሱሉልታ የመጣ ዳማ ፈረስ አሳየን፣ ግንባሩ ላይ ነጭ አለበት፣ የተኮላሸ ነው፣ ባለቤቱ ስድስት ዓመቱ ነው ይላል፣ ከነኮርቻውና ከነልጓሙ 120 ሺህ ብር ጠራ። ይሄ ዋጋ ልክ ነው ወይ፣ ልክ መሆኑስ በምን ይለካል ብዬ ሁለት ፎቶ ለጠፍኩ፣ አንዱ ከጎን አንዱ ከፊት።

1ኛው መልስ በጣም ውድ እንደሆነ ነገረኝ። 2ኛው ደግሞ ሳይነጥቁህ ውሰደው የሚል ነው። ሁለቱም ለምን እንደምገዛው የጻፍኩትን ያነበቡት አይመስለኝም፣ እንዲህ ቁጥር ብቻ ወርውሮ የሚሄድ ሰው ከዛ በኋላም አልጠፋም፣ እነሱን ዘልያቸዋለሁ።

3ኛው ላይ ነው ነገሩ የተጀመረው። የጻፉት ደብረ ብርሃን ገበያ ብዙ ዘመን የጋማ ከብት ሲነግዱ የኖሩ ሰው ናቸው፣ ግሩፑ ውስጥ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። የሳቸው ነገር ባጭሩ ሥራው ሳይታወቅ የፈረስ ዋጋ የሚባል የለም ነው። የጋሪ ፈረስ ብር የሚያወጣው በደረቱና በኮቴው ነው፣ የጉግስ ፈረስ በእሳትነቱ፣ ባዝራ ከሆነች በማህፀኗ፣ በተለይ በቅሎ ለማስወለድ ለሚፈልግ፣ በቅሎ ከፈረስ ስለምትወደድ። ለልጅ የሚሆን ፈረስ ግን ጠባዩ ነው ዋጋው። ስለዚህ ያው አንዱ ፈረስ ለጉግስ ተጫዋች መቶ ሺህ የሚያወጣው ለኔ ግማሹንም ላያወጣ ይችላል፣ የተገላቢጦሹም አለ። ከዛ ጥያቄውን መልሰው ወደኔ አዞሩት፣ ከኋላው ሰው ሲያልፍ ይራገጣል ወይ፣ ጆሮውን ስትነካው ምን ይሆናል፣ ሚኒባስ ጥሩምባ ሲነፋ ይደነብራል ወይ፣ ሱሉልታ ሜዳ ላይ ያደገ ፈረስ ስድስት ኪሎ አደባባይ ሲደርስ ምን እንደሚያደርግ ያየ ሰው አለ ወይ እያሉ። ደላላው እነዚህን አንዱንም አላነሳልኝም ነበር፣ ሲያወራ የዋለው ስለ ፈረሱ ጋማ ማማር ነው።

4ኛዋ ቢሾፍቱ የእንስሳት ሕክምና የምትማር ልጅ ናት። ዕድሜውን ከባለቤቱ ሳይሆን ከፈረሱ አፍ ውስጥ እንድፈልገው ጽፋ አሠራሩን ዘረዘረችው። ፈረስ የፊት የወተት ጥርሶቹን በተራ ነው የሚቀይረው፣ መሐል ያሉትን በ2 ዓመት ተኩል፣ ከነሱ ቀጥሎ ያሉትን በ3 ተኩል፣ የዳሮቹን በ4 ተኩል፣ 5 ዓመት ሲሞላው አፉም ይሞላል። ከዛ ወዲያ ደግሞ በታችኞቹ ጥርሶች አናት ላይ ያለው ጥቁር ጎድጓዳ ቦታ ነው የሚታየው፣ እያኘከ ሲሄድ ይሞረዳል፣ የመሐሎቹ 6 አካባቢ ይጠፋል፣ ቀጣዮቹ 7፣ የዳሮቹ 8። እውነት ስድስት ዓመቱ ከሆነ የታች የዳር ጥርሶቹ ላይ ጉድጓዱ ገና ቁልጭ ብሎ መታየት አለበት ማለት ነው። ፊቱን ያነሳሁት ፎቶ አፉ የተዘጋ ስለሆነ ምንም እንደማያሳይ ነግራኝ የጥርሱን ፎቶ እንዳመጣ አዘዘችኝ።

5ኛው ላይ አንዱ ጥርስ እንደሚያሳስት አስጠነቀቀ፣ አሸዋማ ቦታ የሚግጥ ፈረስ ጥርሱ ቶሎ ስለሚያልቅ ከዕድሜው በላይ ሊመስል ይችላል። በጨዋነት ነው የጻፈው፣ ልጅቷም 6ኛው ላይ በጨዋነት ተቀበለችው፣ ከ8 ዓመት በኋላ ግምት እየሆነ እንደሚሄድ ጨምራ። በውጭ ሀገር የቆየ ማጭበርበር እንዳለም አነሳች፣ ያረጀ ፈረስ ጥርስ ላይ ጉድጓድ ቆፍረው አጥቁረው ወጣት ነው ብለው ይሸጣሉ። እዚህ ሀገር ለዛ የሚደክም አለ ብዬ አላስብም፣ እኛ ጋ በአፍ ብቻ ነው ዕድሜ የሚቀነሰው።

7ኛውን ደጋግሜ ነው ያነበብኩት። ሰውዬው አዳማ ጋሪ ይነዳ የነበረ ነው፣ አሁን ባጃጅ ላይ ነው። አንድ ጊዜ ሻጭ ቀጥሮት ሲሄድ ፈረሱ ላብ ብሎት ጠበቀው፣ ውሃ ሲያመላልስ ነው ተባለ፣ አስኬደው አስሮጠው ምንም የለበትም፣ ከፍሎ ወሰደው። በነጋታው ከበረት ሲያወጣው የፊት ግራ እግሩን መሬት ማስነካት አቃተው። ሻጩ ቀደም ብሎ አሟሙቆት ኖሯል፣ አንዳንድ አንካሳ ሰውነቱ ሲግል ማነከሱ ይጠፋል፣ ማስታገሻ መርፌ የሚወጉም አሉ። ከዛ ወዲህ ፈረስ የሚያየው ሳይቀጥር በጠዋት ሄዶ ነው፣ መጀመሪያ እጁን ጀርባው ላይ አድርጎ ሙቀቱን ይዳስሳል፣ ቀጥሎ ጠንካራ መሬት ላይ በሶምሶማ ያስኬደዋል፣ ገመዱን ላላ አድርጎ፣ ሳር ላይ አይደለም። ዓይኑ እግሩ ላይ ሳይሆን ጭንቅላቱ ላይ ነው፣ የታመመው የፊት እግር መሬት ሲነካ ጭንቅላቱ ወደ ላይ ብድግ ይላል። ኮብልስቶን የማይጠፋበት ሰፈር ስላለን ለዚህ እንደሚመቸን ጽፎ ፈረሱም ይኸው ሜዳውም ይኸው በሚለው ጨረሰ።

8ኛውና 9ኛው ቀልድ ነው፣ ስንት ኪሎ ሜትር ሄዷል፣ ሊብሬው በማን ስም ነው፣ ቦሎ አለው ወይ ምናምን። ሳቅ ሳቅ ተባለ።

10ኛው ላይ ሳቁ ቆመ፣ ምክንያቱም ራሱ ደላላው ግሩፑ ውስጥ ኖሯል። ፎቶውን አይቶ ፈረሱን አውቆት ገባ። የሰው ገበያ በአደባባይ ማበላሸት ነውር እንደሆነ፣ ባለቤቱ የተከበሩ አባት እንደሆኑ፣ እሱም ቢሆን ልጆች እንደሚያሳድግ ረዘም አድርጎ ጻፈ። እውነት ለመናገር ግማሹ ልክ ነው፣ ፈረሱን ገና ሳልገዛው ፎቶውን መለጠፌ ሌላ ገዢ ያሸሽበታል። 11ኛው ግን ለምሕረት አልተመቸም፣ ደላላ ከሻጭም ከገዢም እንደሚበላ፣ ባለቤቱ የነገረውን ዋጋ ማንም እንደማያውቅ፣ 120 ውስጥ ስንቱ የሱ እንደሆነ እስቲ ይናገር ብሎ ያዘው። ደላላው ለዚህ አልመለሰም። 12ኛው ላይ አንድ ጅጅጋ የኖረ ሰው ሊያበርድ ብሎ በዚያ በኩል የከብት ዋጋ በጨርቅ ስር ጣት ለጣት ተያይዘው በዝምታ እንደሚነጋገሩ አወራ፣ ዙሪያውን የቆመው ሰው ስንት እንደተባለ አያውቅም። ደስ የሚል ጨዋታ ነው፣ 11ኛው ግን ድብቅብቅማ ለደላላ እንጂ ለማን ይመቻል ብሎ እሳቱን መልሶ አነደደው፣ ያ 13 ሆነ።

14 የኔ ነው። ጠዋት ሳልደውል ሄድኩ፣ ፈረሱ የታሰረበት ግቢ ጠባቂው ያውቀኛል። የአክስቴ ልጅ ከንፈሩን ወደ ላይ ገልብጦ ያዘልኝ፣ ፈረሱ ዓይኑን ጨፈን ከማድረግ በቀር ምንም አላለም፣ እኔ በስልኬ ባትሪ እያበራሁ አነሳሁ። ጥርሶቹ ረዘም ያሉ ናቸው፣ ቢጫ፣ ወደ ፊት ሾል ያሉ፣ ከታች የመሐሎቹ ልሙጥ ናቸው። የላይኛው የዳር ጥርስ ላይ ከድዱ የጀመረ ቡናማ ስንጥቅ የመሰለ መስመር አለ፣ ወደ ታች ወርዶ ጥርሱ እኩሌታ ላይ ያልቃል። የጭድ ሽታው ስልኬ ላይ እስካሁን ያለ ይመስለኛል።

15ኛው ላይ ልጅቷ ያቺን መስመር ነው የያዘቻት። መስመሩ ድድ ስር ብቅ የሚለው 10 ዓመት አካባቢ ነው፣ ጥርሱ እኩሌታ ላይ የሚደርሰው 15 ሲሆን፣ እስከ ጫፍ የሚወርደው ደግሞ በ20። ያንንና የጥርሱን ርዝመት አንድ ላይ ስታየው ከ14 እስከ 16 እንደምትገምተው ጻፈች። ስድስት የተባለው ፈረስ! እግሮቹንና አንገቱን እንድዳስስም ነገረችኝ፣ በመስመር የተደረደሩ፣ እየፈነዱ መግል የሚያወጡ እባጮች ካሉ ዋጋ መከራከሩ ራሱ ትርፍ ነው፣ ኤፒዙቲክ ሊምፋንጃይትስ የሚባለው በሽታ ሊሆን ይችላል፣ የጋሪ ፈረሶችን የሚያሰቃየው ነው፣ ለማከምም አስቸጋሪ ነው። ዳስሻለሁ፣ የለበትም።

16ኛው ላይ አንዱ መጣና መጽሐፍ ያነበበች ሁሉ ባለሙያ ሆነች፣ ፈረስ ላይ ተቀምጣ ታውቃለች ወይ የሚል ነገር ጻፈ፣ ከዚህ የባሰም ነበረው፣ እሱን አልደግመውም። ልጅቷ በ17 የመለሰችለት ቀዝቀዝ ያለ ነው ግን ይቆርጣል፣ ክሊኒክ የሚመጣላትን ፈረስ አፍ በየቀኑ እየከፈተች እንደምትውል ጠቅሳ እሱ መጨረሻ የከፈተው የማንን አፍ እንደሆነ ጠየቀችው። 18ኛው ላይ ጋሼ ፎቶውን አጉልተው ማየታቸውን ገልጸው የሳቸውም ግምት 15 እንደሆነ ጻፉ። ያን ጊዜ ሁሉም ዝም አለ።

ከዛ አንዲት እናት በ19 አዲስ ጥያቄ አመጡ፣ እኔ ራሴ ያላሰብኩትን። ልጆቻቸውን እንጦጦ ፓርክ ፈረስ ያስጋልቧቸዋል፣ ለልጃቸው ስድስት ዓመት የሆነው ፈረስና አሥራ አምስት የሆነው ቢቀርብላቸው ያለማወላወል ትልቁን እንደሚመርጡ ጻፉ፣ ያየ የሰማ ፈረስ ስለሆነ አይበረግግም። ታዲያ ዕድሜው ለምን ዋጋ ይቀንሳል ነው ጥያቄያቸው።

የክሩ ልብ ለኔ ጋሼ በ20 የመለሱላቸው ነው። ወይዘሮዋ ልክ እንደሆኑ ተቀብለው ጉዳዩን ሁለት ቦታ ከፈሉት። ፈረስ በደንብ ከተያዘ 25፣ 30 ዓመት ይኖራል፣ ስለዚህ የ15 ዓመት ፈረስ ሥራ አልጨረሰም፣ ለልጅ መሸከሚያ ገና ብዙ ዓመት አለው። ግን ስድስት ዓመት የሆነውን ገዝተህ ሦስት ዓመት ሠርተህበት ብትሸጠው ብርህ ይመለሳል፣ ምናልባትም ይጨምራል። የአሥራ አምስቱን ከሦስት ዓመት በኋላ የሚገዛህ የለም፣ የሰጠኸው ብር እዛው ፈረሱ ላይ ያልቃል። ስለዚህ የሱ ዋጋ መሆን ያለበት በቀሩት ዓመታት ሠርቶ የሚያስገባልህን ታሳቢ አድርገህ እንጂ መልሰህ የምትሸጠውን አስበህ አይደለም። ደግሞ ሌላ አከሉ፣ ዕድሜው ላይ ዘጠኝ ዓመት የቀነሰ ሻጭ ሌላም የቀነሰው ነገር እንዳለ ቁጠር፣ ስለዚህ ስለ ጠባዩም የነገረህን በራስህ እስክታይ ድረስ ዋጋ እንዳትሰጠው። ይሄን ካነበብኩ በኋላ ነው ፈረሱን አስፋልት ዳር አውጥተን ማቆም አለብን ያልነው፣ ሲኖትራክ አጠገቡ አልፎ ጆሮውን እንኳን አላዞረም።

ከ21 እስከ 25 ክብደት ነው። አንድ ሰርግ ቪዲዮ የሚሠራ ሰው ሙሽራው ፈረስ ላይ ሲወጣ በጣም እንደሚያምር ጽፎ ዋጋው አያስጨንቅህ ሲለኝ፣ አንዷ ሙሽሮቻችን ስንት ኪሎ እንደሆኑ ታውቃለህ ወይ አለችው። ከዛ የመለኪያው ነገር መጣ፣ ደረቱን ከፊት እግሩ ኋላ ዙሪያውን በሴንቲ ሜትር ትለካለህ፣ በራሱ ታባዛዋለህ፣ ከትከሻው ጫፍ እስከ ቂጡ ጫፍ ባለው ርዝመት ታባዛና ለ11,880 ታካፍላለህ፣ ኪሎው ይወጣል። የኛን ለካነው፣ ዙሪያው 145፣ ርዝመቱ 130፣ ወደ 230 ኪሎ መጣ። ብዙ ጊዜ የሚባለው ፈረስ ከነኮርቻው የክብደቱን 20 ከመቶ ያህል ቢሸከም ነው፣ ያ ማለት 46 ኪሎ ነው። ለልጅ ይበቃል፣ ለሙሽራ አይሆንም። እዚህ ላይ ሁለት ሰዎች ተጣሉ፣ አንዱ ገጠር ሰባ ኪሎ ገበሬ ከነእህሉ ተቀምጦ ተራራ እንደሚወጣ እያነሳ፣ ሌላው ጀርባው የቆሰለውንም ፈረስ እዛው ገጠር እንዳየው እየመለሰለት። እኔ ሙሽራውን ከሒሳቡ አውጥቼዋለሁ፣ ፈረሱ አጠገብ ቆሞ ልጓም ይዞ ይነሳ።

26 ላይ ፈረሱን ምን ትሉታላችሁ የሚል መጣና ክሩ መንገድ ሳተ። አባ ታጠቅ በሉት ያለ ነበር፣ የአፄ ዮሐንስ ነው ብሎ። ወዲያው ታረመ፣ አባ ታጠቅ የቴዎድሮስ ነው፣ የዮሐንስ አባ በዝብዝ። ከዛ ባልቻ አባ ነፍሶ፣ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መቻል፣ አሉላ አባ ነጋ፣ ሁሉም የሚያውቀውን ይደረድር ጀመር። አንዱ የአራዳ ጊዮርጊሱን የምኒልክ ሐውልት አነሳ፣ በ1923 የተመረቀውን፣ ጣሊያን አንስቶት ከነፃነት በኋላ የተመለሰውን፣ እዛ ላይ ያለው አባ ዳኘው ኮቴውን ከፍ አድርጎ ሲታይ ዛሬ ስንት ያወጣ ነበር ብሎ። ለዚህ ደላላው ተመልሶ ገብቶ ዋጋ ጠራለት፣ ሳቅኩ፣ ሰውዬው ቀልድ ያውቃል።

30ኛው የእንጅባራ ልጅ ነው። እነሱ ጋ ጥር 23 የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በዓል አለ፣ ማኅበሩ ከ1932 ጀምሮ ያለ ነው፣ በዓሉ ሲደርስ ጥሩ ፈረስ ያለው ሰው ኩራቱ ሌላ እንደሆነ ጻፈ። የመከረኝ ከጥምቀት በፊት ባሉት ሳምንታት እንዳልገዛ ነው፣ ያኔ ሁሉም ፈረስ ፈላጊ ስለሆነ። ይሄ እኛም ጋ ይሠራል፣ ጃንሜዳ ለጥምቀት የሚወጣውን ፈረስ ያየ ሰው ይገባዋል።

31 ላይ ስለ ቀለብ ተነሳ። ፈረስ በቀን ከክብደቱ 2 ከመቶ ያህል ደረቅ መኖ ይፈልጋል፣ ለኛው 4 ኪሎ ተኩል በላይ ማለት ነው፣ ሳይሠራ የዋለበትም ቀን ይበላል። ሱሉልታ ሜዳው በነፃ ያበላዋል፣ ስድስት ኪሎ ግን ድርቆሹም ፉርሽካውም በብር ነው። ጸሐፊዋ ያንን በዓመት አስልቼ ከገዛሁበት ዋጋ ጋር ሳስተያይ 120 ወይስ 90 የሚለው ክርክር ትንሽ እንደሚሆንብኝ ነገረችኝ፣ አሰላሁት፣ ልክ ናት። ከመግዛቴ በፊትም ወረዳ ሄጄ ግቢ ውስጥ ማሳደር መቻሌን እንድጠይቅ አከለች።

33 የጋሼ የመጨረሻው ነው። ኮርቻውን ከፈረሱ ነጥለህ ዋጋ አስጠራ፣ ከነኮርቻው የሚሸጥ ሰው ፈረሱን በኮርቻው ይሸፍናል። የኮርቻው ቆዳ ታፋው ላይ የተሰነጠቀ መሆኑን እኔም አይቻለሁ፣ ስፌቱ በናይለን ክር ነው። ቀብድ ሰጥተህ ለሙከራ ውሰደው፣ ጠዋት ከብርድ ሲነሳ እየው፣ ሙከራ የሚከለክልህ ከሆነ የሚጠራውን ዋጋ ከግማሽ በታች ጀምር። ሌላ ቁጥር አልሰጡኝም፣ ስለምንም።

34 ላይ 16ኛው ሰውዬ ተመልሶ መጣ፣ ከልጅቷ ጋር የጀመረውን ሊጨርስ፣ 35 እና 36 የሚጻፍ አይደለም፣ አድሚኑ ዘጋው።

አሁን ያለንበት ይሄ ነው። ደላላው ደውሎ ያለ ኮርቻ 80 አድርጎታል፣ ስለ ዕድሜው ምንም አላለም እኔም አላነሳሁበትም፣ ሙከራ ግን ባለቤቱ እምቢ ብለዋል አለኝ። እኔ 55 ከሙከራ ጋር ብዬ ስልኩን ዘግቻለሁ። የአክስቴ ልጅ በ80 እንውሰደው፣ መኪና የማይፈራ ፈረስ ሌላ ከየት ይመጣል ባይ ነው፣ እሱም ሐሳብ አለው። ጫንጮም ሆነ ሰንዳፋ በኩል የተኮላሸ፣ ለልጅ የሚሆን ፈረስ የምታውቁ ካላችሁ ኢንቦክስ አድርጉልኝ፣ የአፉን ፎቶ ከታችም ከላይም አንስታችሁ፣ የላይኛው የዳር ጥርስ በደንብ ይታይ።